የጥፍር ታህል ሳጥን

ከእግር ኳስ ሜዳው ጥግ፣ ከኩሬው አጠገብ፣
ነጩ መኪናችን ቆሟል፤ ጣሪያው ላይ ዝናብ።
ሰሜን ዌልስ፣ የካቲት፤ ተራራው ጥቁር ድንጋይ፣
በጉ እንደ ጥጥ ፍሬ ተበትኖበት ላይ ላይ።
ጄኔሬተሩ ያጉረመርማል፤ ማሽኑ ሞቆ ይጠብቃል፤
ስም ጠሪዋ እኔ ነኝ፤ አቤት የሚል ግን ይጠፋል።

የዘጠኝ ሰዓቷ ኔስታ፦ አልመጣችም።
የዘጠኝ ተኩሏ ሞርቪዝ፦ እሷም አልመጣችም።

"ምክንያት?" ይላል ፎርሙ። ከፊቱ አንዲት ሳጥን፣ ስፋቷ እንደ ጥፍር፤
እዚያ ውስጥ ሊከተት የአንዲት ሴት ነገር፣ የአንዲት ሴት ምስጢር።
አለቃዬ "ፍርሃት" ብሎ ይሞላታል፤
ካልሆነም "ቸልታ"፤ ቃሉ ይበቃታል።

ሥራ ስንዘጋ ዳቦ ልገዛ ብወርድ፣
ኔስታን አገኘኋት ከሱቁ መንገድ።
"አውቃለሁ፣ ቴግዌን፤ እንዳትቆጪኝ።
ባለፈው ዙር ያ ሳህን እንደ አይብ ሲጨምቀኝ፣
ያችኛዋ ልጅ 'ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው' ስትለኝ፣
ሦስት ቀን ሙሉ ክንዴን ማንሳት አቃተኝ።
አምስት ልጅ ያደገባቸው፣ ዛሬ እንደ እርጥብ ጓንት ቢንጠለጠሉም፣
የባዳ እጅ አንስቶ እንዲያስተካክላቸው አልፈልግም።
ጌሬንት እንኳ፣ ነፍሱን ይማር፣
መጀመሪያ መብራት ያጠፋ ነበር።"
ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም፤
ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አስጠጋች፤ እንዳላየ ሆንኩ እኔም።

ሞርቪዝ በሩን የከፈተችው በሰንሰለቱ ልክ ነው።
ከኋላዋ ባሏ ኮቱን ይፈልጋል፤ ፈረቃው አልፎበት ነው።
ድንጋይ ማውጫው ከተዘጋ ይኸው አርባ ዓመት፤
እሱ ግን ማልዶ ይነሳል፣ ሊሄድበት።
"ሃያ ደቂቃ ነው ትያለሽ። በሃያ ደቂቃ
እሱ ገደሉ አፋፍ ይደርሳል፣ እኔ ልብሴን ሳልለብስ ገና።
ደግሞስ ቢገኝብኝ?" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤
"ለሱ ማን ይንገረው? በየጠዋቱ፣ እንደ አዲስ፣ ሲነጋ?"

ሰንሰለቱ ተንኳኳ።

ኦልወን ግን ከዝርዝሬ ላይ ስሟም የለ።
ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ዶሮዎቿን ስትከት አገኘኋት በጓሮ፤
"በየሦስት ዓመቱ ይመጣልኝ ነበር ቀጠሮ፤
ሰባን ሳልፍ ጊዜ ደብዳቤው ቀረ፤
እኔም 'ተመስገን፣ በሽታውም ጡረታ ወጣ' ብዬ ነበረ።"

"አልወጣም" አልኳት። "የሚቆመው ደብዳቤው ነው እንጂ እሱ አይቆምም፤
ከዚያ ወዲያ ጠይቀሽ ነው የምትመጪው፤ ማንም አይጠራሽም።"

አንዲቱ ዶሮ አልገባም ብላ ዞረች።
"ጥሪው ከቆመማ" አለች፣ ዶሮዋን እያየች፣
"እኔን ቆጥረው ጨርሰውኛል፤
ያልተጠራ እንግዳ ደጃፍ ላይ ያፍራል።"
ከዚያ ቀና ብላ፦ "አንቺስ? ስንት ሆነሽ?"
"ሃምሳ አራት።"
"አንቺንስ ማን ነው የሚያነሳሽ?"

የኩሽና መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከባትሪና ከክር ጋር፣
ሁለት ፖስታ አለ፣ እንደታሸገ፤
አንዱ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ አንዱ ዘንድሮ።
በቀን አርባ ሴት አቆማለሁ፤ "አትተንፍሺ" እላለሁ፤
ያቺ ነጭ ነጥብ ምን እንደምትመስል አውቃለሁ።
የእናቴን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ከሐኪሙ በፊት፤
ሻይ አፍልቼ ሰጠኋት፣ አንድም ቃል ሳልነግራት።
ይህንስ በየትኛዋ ሳጥን ልጻፈው?

በማግስቱ ኦልወን መጣች፤ የጸሎት ቤት ባርኔጣዋን አድርጋ፣
ስድስት እንቁላል በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ገና በወጉ ሳይነጋ።
"ልመረመር አልመጣሁም" አለች፤ "አንቺ ስትገቢ ለማየት ነው።"
ሎውሪ ሳቀችብኝ። ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቋን ተወችው።

ሳህኑ በረዶ ነው።
"ትንሽ ነው" አለችኝ፤ ዋሸችኝ።
"አትተንፍሺ።"
በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁ፦ ኦልወን ካፖርቴን ታቅፋ፣
የራሷን አንድ ቁልፍ ፈትታ፣ ደግሞ መልሳ ቆልፋ።